በደረቁ ሐምሌ የተከልናቸው ችግኞች

ናይሮቢ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሳውዝ ሲ ውስጥ በሚገኝ የሐበሻ ልጆች የቅዳሜ ትምህርት ቤት ሳይንስና አማርኛ ማስተማር ጀመርኩ። ትምህርት ቤት የምንለው ወላጆች ተሰባስበው የተከራዩትን ግቢ ነው። ከፊት ሦስት ክፍሎች፣ መሐል ላይ ትንሽ ሜዳ፣ ከኋላ ደግሞ አንዲት ባለ ቆርቆሮ ሰርቪስ ቤት አሉት። ከሰርቪሷ ጀርባ መሬቱ ያዘቀዝቅና አንድ ጠባብ ወንዝ ያልፋል። ዝናብ በሌለበት ጊዜ ወንዝ ለማለት ይከብዳል፤ የሳሙና ውሃና ባዶ ጠርሙስ የሚንከባለልበት ቦይ ነው። በአፋፉ ላይ አራት ትልልቅ ዛፎች ነበሩ፤ ሦስቱ ጃካራንዳ፣ አንዱ ሾላ።

በሰርቪሷ ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ይኖራሉ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። የልጆቹን ዩኒፎርምና የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን ልብስ ይሰፋሉ። በእግር የሚነዳ የብረት ስፌት መኪናቸው የኋላው መስኮት ሥር ነበር፤ ሲሰፉ ሾላው ፊት ለፊታቸው ነው።

እኔ ማስረዳት እወዳለሁ። ዛፍ ስለሚሠራው ሥራ ሳስተምር ሰሌዳውን በሦስት ከፍዬ ነበር። በመጀመሪያው ላይ ቅጠል ሳልኩ፤ ቅጠል በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ይስባል፣ ከውሃና ከፀሐይ ብርሃን ጋር አዋህዶ ምግቡን ይሠራል። በሁለተኛው ላይ ግንድ ሳልኩ፤ ግንድ ማለት ለብዙ ዓመት ከአየር ላይ እየተለቀመ የተከማቸ ካርቦን ነው፣ ሲነድ ተመልሶ አየር ላይ ይወጣል፣ ምድርንም ከሚያሞቀው ጋር ይደመራል። በሦስተኛው ላይ ሥር ሳልኩ። ስለ ሥር መናገር ስጀምር ደወል ተደወለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ምዕራፍ ጀመርን።

በግንቦት መጨረሻ የወላጅ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጉዳዩ መኪና ነበር። ከጊጊሪና ከዌስትላንድስ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች መንገዱን ይዘጉታል፣ ጎረቤት ይጮኻል፣ አንድ ቀን ደግሞ አንዲት ተማሪ ከማታቱ ለጥቂት ተርፋለች። ታክሲያቸው ማለት ነው፤ ሲነዱት ደግሞ አያድርስ። የኋላው መሬት ቢጸዳ አሥራ ሁለት መኪና ይይዛል ተባለ። ሰብሳቢው ምግብ ቤት ያላቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን።

«ዛፍ መቁረጥ ከበደኝ» አሉ። «ልጅ ከሚገጭብን ግን ይሻላል። እስቲ መምህሯ ትናገር፤ የተማረችው እሷ ናት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያኔ ሳላስበው ደስ አለኝ፤ ስጠየቅ ደስ ይለኛል።

«ጋሼ፣ አራት ቆርጠን መቶ ብንተክልስ?» አልኩ። «ወጣት ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሲያድግ ደግሞ ብዙ ካርቦን ይስባል። ዳር ዳሩን ብንተክል መኪናውም ይቆማል፣ እኛም አንጎዳም።»

«መቶ!» አሉ ጋሼ። «አንቺ ልጅ፣ ልጆቻችንን ከጅብ ጋር እየተጋፋን ልናደርስ ነው።»

ቤቱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እትዬ የተሰፋ ዩኒፎርም ሊያስረክቡ መጥተው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር።

«ሥሩስ?» አሉ።

«ሥሩ የት ይሄዳል እትዬ?» አሉ ጋሼ። «ግንዱን ነው የምንቆርጠው፤ ሥሩ እዚያው ይቀመጥልዎታል።»

«ቤቴ እሱ ላይ ነው የተቀመጠው ብዬ ነው» አሉ እትዬ። ዩኒፎርሙን ጠረጴዛ ላይ አኑረው ወጡ። በቃለ ጉባኤው ላይ «በመምህርት አስተያየት መሠረት» ተብሎ ተጻፈ። ያን ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ከነእጅ ጽሑፉ አስታውሰዋለሁ።

መጋዙ ሁለት ቀን ጮኸ። ጃካራንዳዎቹን ከሰል ነጋዴዎች ወሰዷቸው፤ ከሾላውም የተወሰነው ተፈልጦ ጋሼ ምግብ ቤት ለጥብስ ሄደ። ለልጆቹ የተቆለለ ካርቦን ያልኳቸው ነገር በሁለት ሳምንት ውስጥ ጭስ ሆነ። ቀጥሎ ጉቶው የመኪና ሆድ ይነካል ተባለና ቆፋሪ ማሽን መጥቶ ሥሩን ነቅሎ አወጣው። ማንም እኔን አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የሾላው ሥር ከመሬት ሲወጣ አፋፉ ላይ መኪና የሚውጥ ጉድጓድ ቀረ። በልቅ አፈር ደፈኑት።

መለካት ልማዴ ስለሆነ ከእትዬ የኋላ ግድግዳ እስከ ወንዙ ጠርዝ በእርምጃ ለካሁ፤ ስምንት ተኩል። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ አንድ ችካል ተከልኩ። ለምን እንደሆነ ራሴም አላውቅም ነበር።

ከዚያ ሐምሌ ገባ። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ሐምሌ ለእኔ የዝናብ ወር ብቻ ሳይሆን የዝናብ ሌላ ስሙ ነው። ችግኝ የሚተከለው በሐምሌ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳለን ቦቲ ተጫምተን የወጣነው በሐምሌ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ አካፋ ይዞ የሚወጣው በሐምሌ። የናይሮቢም ሰማይ አላሳፈረኝም። ጠዋት ተነስቼ ባየሁት ቁጥር እንደ እርሳስ ግራጫ ነው፣ ዝቅ ብሏል፣ ይበርዳል። ከሰዓት ይወርዳል ብዬ ጃንጥላ ይዤ እወጣለሁ። ኮሚቴው ውስጥም እንደኔ ያላሰበ አልነበረም።

መቶ የግራቪሊያ ችግኝ ከመንገድ ዳር ነጋዴዎች ገዝተን አንድ ቅዳሜ ወላጅና ልጅ ሆነን ወጣን። ፎቶ ተነሳን። ናይሮቢ የተወለደች የአሥራ ሁለት ዓመት ተማሪዬ ጉድጓድ እየቆፈረች ቀና አለችና፦

«ቲቸር፣ ጁላይ እኮ ኮልድ ነው እንጂ ሬይን የለውም» አለችኝ።

«ሰማዩን አየሽው?» አልኳት።

«ሁሌም እንደዚህ ነው። ዝም ብሎ ያስፈራራል።»

የግቢው ዘበኛ ኬንያዊ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውም መጥተው በአካፋዬ ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉ። ዝናቡ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል፣ ችግኙን ጥላ ሥር አቆዩት አሉኝ። በትዕግሥት አስረዳኋቸው። ደመና እንዴት እንደሚፈጠር፣ ተራራ ሲነካ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰምተው፣ «መምህር፣ እኔ እዚህ ነው ያረጀሁት» አሉና ወደ በራቸው ተመለሱ።

ሐምሌን ሙሉ ደመናው ከራሳችን በላይ ተቀመጠ፤ አልወረደም። ጠዋት ጠዋት ካፊያ ቢጤ ቅጠሉን ያርሰዋል፣ አፈሩ ግን ደረቅ ነው። የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለነበር ከሥራ በኋላ በጀሪካን እየተሸከምኩ አጠጣ ነበር። ደብተር አዘጋጀሁ፤ ደህና፣ የታመመ፣ የሞተ የሚል ሦስት ዓምድ። በነሐሴ መጨረሻ ሦስተኛው ዓምድ ገጹን ሞልቶ ወደሚቀጥለው ገጽ ተሻገረ። በሕይወት የነበሩት አሥራ አንድ ነበሩ።

በመስከረም ፀሐይ ወጣች። ሾላው በነበረበት ጊዜ ለትምህርት ብለን ቴርሞሜትር ሰቅለን ነበር። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት እንደገና ሰቀልን፤ ሰባት ዲግሪ ጨመረ። ልጆቹ ተሰብሯል ብለው ተከራከሩኝ። ዛፍ በቅጠሉ ውሃ እያተነነ አካባቢውን እንደሚያቀዘቅዝ ላስረዳቸው ጀምሬ ተውኩት። በእረፍት ሰዓት መጫወት አቁመው በክፍሎቹ ግድግዳ ጥግ ባለችው አንድ ክንድ ጥላ ውስጥ ተሰልፈው ይቆሙ ነበር። የእትዬን መስኮት ፀሐዩ ቀጥታ ይመታዋል፤ ጆንያ ሰቅለው ይሰፋሉ።

«ዝናቡስ መቼ ነው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«በጥቅምት ይላሉ እትዬ።»

«አገራችን ቢሆን አብቅቶ ነበር» አሉ። ዞር ብለው በጆንያው ቀዳዳ ውጭውን አዩ። «እዚህ ገና ሊጀምር ነው።»

በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ከሰዓት፣ ጀመረ። እኔ የማውቀው ዝናብ አልነበረም። ከላይ ያለው ሰፈር ሁሉ ሲሚንቶና አስፋልት ሆኗል፤ ውሃውን የሚይዘው የለም፣ የወረደው ሁሉ ወደ ወንዙ ይመጣል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቦዩ ቡናማ ሆኖ አበጠ። መጀመሪያ የወሰደው የተረፉትን ችግኞች ነው። የቆፈርንላቸው አፈር ልቅ ስለነበር ሥራቸው ገና የፌስታሉን ቅርጽ እንደያዘ ተንሳፍፈው ሄዱ። ቀጥሎ የሾላውን ጉድጓድ የደፈነው አፈር ሄደ። በማግስቱ ችካሎቹን ቆጠርኩ፤ ስድስት። በሚቀጥለው ሳምንት አራት።

ጋሼን በስልክ አገኘኋቸው።

«አፋፉን በድንጋይ እንዲገነባ ግንበኛ አናግሬያለሁ» አሉ። «ዝናቡ ጋብ ካላለ መሠረት አይወጣም ይላል። እስከዚያ ከቤቱ እንዲወጡ እትዬን አሳምኚልኝ፤ አንቺን ይሰማሉ።»

እትዬ አልሰሙኝም። ለኅዳር ጽዮን የሚደርስ አሥራ አራት የመዘምራን ልብስ ይዘው ነበር። «ጨርቁ የሰው ነው። የት ዘርግቼ ልቁረጠው? እሱን ሳስረክብ እወጣለሁ» አሉ። ነጭ ጨርቁ አልጋውን፣ ወንበሩን፣ ወለሉን ሸፍኖት ነበር። ከስፌት መኪናው እግር ሥር በሲሚንቶው ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አየሁ። እሳቸውም እንዳየሁት አዩ። መርገጫውን መርገጥ ቀጠሉ።

የኅዳር ሁለተኛው ቅዳሜ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረበት ጠዋት ነበር። ክፍል ከመግባቴ በፊት ወደ ኋላ ዞርኩ። የቀረው አንድ ችካል ነው፤ እሱም ወደ ወንዙ አዘንብሏል። በሩን አንኳኳሁና ገባሁ። እትዬ እየሰፉ ነበር።

«መጣሽ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «በእርምጃሽ ስንት ቀረኝ?»

ሁልጊዜ መልስ አለኝ። ያን ጠዋት በአእምሮዬ አስልቼ ነበር፤ በሳምንት ይህን ያህል፣ በቀን ይህን ያህል። አፌን ስከፍት ግን ከቤቱ ጀርባ አንድ ድምፅ ሰማን፣ ጆንያ እህል ከትከሻ ላይ የሚወርድ ዓይነት። መርፌው ቆመ።

«አላውቅም እትዬ» አልኩ። «አሁን እንውጣ።»

ክርክር አልነበረም። ጨርቁን በክንዳቸው ሰብስበው ተነሱ። ልጆቻቸውን ያደረሱ ሦስት ወላጆችን ጠራሁ፤ ጋሼም ከመኪናቸው ወርደው መጡ። ኮታቸውን አውልቀው ጭቃው ላይ ጣሉና የስፌት መኪናውን በአንድ ወገን ያዙ። ክፍሌ ውስጥ ዴስኮቹን ገፍተን አስቀመጥነው። አልጋውና ሳጥኑ ቀሩ። እትዬ ለሳጥኑ ሊመለሱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ፤ ጋሼ በሩ ላይ ቆሙ።

ሰዓቱ ሦስት ተኩል ገደማ ነበር። የኋላው ግድግዳ በመጀመሪያ ቀስ ብሎ ጎበጠ፣ ከዚያ ከነመስኮቱ ወረደ። ቆርቆሮው ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ልጆቹ በመስኮት ያዩ ነበር። ዘበኛው ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ።

እትዬ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ የያዙትን ጨርቅ አንድ በአንድ ቆጠሩት፤ አሥራ አራቱም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሥሩ ቢኖር ይይዘው ነበር?»

ጋሼ መሬት መሬት ያያሉ። ልጆቹ ያዳምጣሉ። ሰሌዳው ከኋላዬ ነበር፤ ባዶ።

«ይይዘው ነበር እትዬ» አልኩ። «ለዚያ መልስ መስጠት የነበረብኝ ያኔ ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከታች ወንዙ ወደ ጎረቤታችን አጥር መታጠፍ ጀምሯል።

«አሁን አታልቅሺብኝ» አሉ እትዬ። «ጽዮን ደርሳለች። ያንን እጅጌ አቀብዪኝ።»