ተጨፍልቆ የመጣው የሒሳብ መጽሐፍ

ሰው ሲናደድ ይጮኻል፤ አራሚዋ ግን ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። በዓይነ ስውራን መርጃ ማኅበሩ ውስጥ ከሥራ አስኪያጁ በቀር ይህን የማያውቅ የለም። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ቀን የብሬል ማተሚያ ክፍሉ ሠራተኞች እርስ በርስ ይነካካሉ፤ ሻይ የምታፈላው ሴትዮ እንኳ ኮቴዋን አጥፍታ ነው የምታልፈው።

ዓይኗ ሳይጠፋም ሥራዋ እርማት ነበር። በአንድ ማተሚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት የሰው ስሕተት ስትለቅም ኖራ፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቷ የዓይን ግፊት ብርሃኗን ቀስ በቀስ ወሰደው። ማተሚያ ቤቱ እቅፍ አበባ ሰጥቶ አሰናበታት። “የሞትኩ መስሏቸው ነው” ትላለች እስከ ዛሬ። ወደ ማኅበሩ እጇን ይዞ የወሰዳት ባሏ ነው፤ ቧንቧ ጠጋኝ ነው፣ ነገር የማያበዛ ሰው። እዚያ በጣት የሚዳሰሰውን የነጥብ ጽሑፍ፣ ብሬልን፣ ተማረች፤ በዓመቱ የማኅበሩ አራሚ ሆነች። ይኸው አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አንዲት ነጥብ ብትጎድል አራት ቁጥር ሦስት ይሆናል፤ ያቺን አንዲት ነጥብ ፈልጎ ማግኘት ነው እንጀራዋ።

ዘንድሮ አሥራ ስምንት ዓይነ ስውራን የማጠናቀቂያ ፈተና ይወስዳሉ። አንዷ የማኅበሩ ስልከኛ ናት፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ከሥራ ስትወጣ የምትማር። ዓምና የሒሳብ መጽሐፉ በብሬል ሳይደርስላት ቀርቶ ጎረቤቷ እያነበበላት አጥንታ ተፈተነች። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ግን የማያውቀውን ምልክት ሁሉ እየዘለለ ነበር የሚያነብላት። ወደቀች። የሚፈቀደው ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ዘንድሮ ከወደቀች በቃ፣ ሌላ ዕድል የላትም።

ስለዚህ አራሚዋ ሰባት ሳምንት ሙሉ በዚያ መጽሐፍ ላይ ተደፋች። በብሬል ሲታተም አምስት ጥራዝ ይወጣዋል። ጣቶቿ እስኪደነዝዙ አነበበችው፤ በመጨረሻ የመጀመሪያውን ገጽ በቃሏ ትወጣው ነበር። ሲጠረዝ ደግሞ አንዴ ልየው ብላ ብትጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። “አርመሽዋል አይደል? ጥራዝ ፊደል አይለውጥም።”

የርክክቡ ቀን እንግዶች ተጠርተዋል፣ ካሜራ አለ፣ በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ ሪባን ታስሯል። አራሚዋ ሰው ሳይሰበሰብ ወደ መጋዘን ገብታ አንዱን ጥራዝ ሳበች። ቀጭን ነው። የብሬል መጽሐፍ ቀጭን አይሆንም፤ ነጥቦቹ ወረቀቱን ከወረቀቱ ስለሚያራርቁት ያብጣል፣ ተፈጥሮው ነው። ልቧ ፈርቶ ገለጠችው። ገጹ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው። እዚህም እዚያም የተረፈች አንዳንድ ነጥብ አለች እንጂ ሰባት ሳምንቷ የለም።

“ምን አድርገኸው ነው?” አለችው የንብረት ክፍል ኃላፊውን። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

“አብጦ ሳጥን አልገባ አለኝ፣ እህቴ። ሦስት ቀን መጭመቂያ ውስጥ አቆየሁት። ሥራ አስኪያጁም አይተው፣ ‘አሁን መጽሐፍ መሰለ’ ብለውኛል።”

“ሁሉንም?”

“ሁሉንም። ላድላ እንዴ?”

ይሄ እንኳ ሳጥን ሙላ የተባለ ምስኪን ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን አሥራ አንድ ዓመት የዓይነ ስውራን ማኅበር ሲመራ አንዲት የብሬል ፊደል በጣቱ ለይቶ አያውቅም፤ ለማወቅም አንድ ቀን አልሞከረም። ለእሱ ነጭ ወረቀት ላይ ያለ ነጭ ነጥብ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው።

ቢሮው ገብታ ነገረችው። በሩን ዘጋ።

“እንግዶቹ ግቢ ገብተዋል። ዛሬ እናስረክብ፤ በሚቀጥለው ዕቅድ እናሳትመዋለን።”

“ፈተናው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው።”

“አውቃለሁ። አሁን አንቺ መድረክ ላይ ወጥተሽ የመጀመሪያውን ገጽ ታነቢያለሽ፣ ፕሮግራሙ ላይ አለሽ። በቃልሽ ታውቂው የለ? እጅሽን እያንቀሳቀስሽ በዪው። ማን ያውቃል?”

“እሺ” አለች፣ በማይሰማ ድምፅ። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ።

አዳራሹ ሞልቷል። አሥራ ስምንቱ ተማሪዎች የፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ሪባን የታሰረበት ሳጥን ጭናቸው ላይ ተቀምጦላቸዋል። አራሚዋ ተጠራች፣ ወጣች፣ መጽሐፉን ዘረጋች። ጣቶቿን ከግራ ወደ ቀኝ ሳበች፤ አንድ መስመር። ሁለተኛ መስመር። ቃል አይወጣትም። ሳትቸኩል፣ አንዱንም መስመር ሳትዘል ወደ ታች ወረደች። አንዱ አሳለ። አንዱ ወንበሩን አንቀጫቀጨ። ሥራ አስኪያጁ ከጎኗ “ድምፅሽን፣ ድምፅሽን” ይላል። ገጹን ገልብጣ ሁለተኛውንም እንደዚሁ አነበበች። ከዚያ መጽሐፉን ከደነች።

“ጨርሻለሁ።”

ከእንግዶቹ አንዲት ትልቅ ሴት፣ “ይቅርታ፣ እኛ ምንም አልሰማንም” አሉ።

“ስለሌለ ነው፣ እትዬ። ያለውን ነው ያነበብኩት። መጽሐፉ መጭመቂያ ውስጥ ገብቶ ተጨፍልቋል። ለእነዚህ ተማሪዎች ባዶ ወረቀት በሪባን አስራችሁ እየሰጣችኋቸው ነው።”

ያኔ ከፊት ወንበር ሪባን ሲፈታ ተሰማ። ከዚያ የገጽ ድምፅ፣ ብዙ ገጽ። “የእኔም ልሙጥ ነው” አለች ስልከኛዋ። “የዓምናውም ይሻለኝ ነበር። ጎረቤቴ እየዘለለም ቢሆን ያነብልኝ ነበር።”

ሴትዮዋ እንደገና ለማተም ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቁ። ጽሑፉ ኮምፒውተር ውስጥ ስላለ ስምንት ቀን ይበቃል አለች አራሚዋ። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ “እኛም አሁን ልንገልጽ የነበረው ይህንኑ ነው” አለ። በዘጠነኛው ቀን ስልከኛዋ አምስቱንም ጥራዝ ተቀበለች፣ አብጠው፣ አቅፋ መያዝ እስኪያቅታት። “ዘንድሮ ብወድቅ እንኳ በራሴ ነው የምወድቀው” አለች። ተፈተነች፤ ውጤቱ ገና አልመጣም።

ነገሩ ግን በዚህ አልበረደም። ሥራ አስኪያጁ፣ ማኅበሩን በእንግዳ ፊት ያዋረደችበትን ምክንያት በሁለት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታቀርብ አዘዛት። ባሏ እስክሪብቶ አውጥቶ፣ “በዪ ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍልሽ” አላት።

“የራሴ ጽሑፍ አለኝ” አለችው።

ሁለት ገጽ በብሬል ጽፋ የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አኖረችለት። “አንደኛው ገጽ ማብራሪያዬ ነው። ሁለተኛው የውሳኔ ሐሳብ ነው፤ አንብበው ከተስማሙ ይፈርሙበት።”

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቶቹን ደጋግሞ አገላበጠ። አንብቢልኝ ለማለት ብዙ ጊዜ ነበረው።

“አይቼዋለሁ። ከእንግዲህ ይህ ነገር እንዳይደገም።”

“እኔም የጻፍኩት ይህንኑ ነው።”

እስክሪብቶው ሲጫር ሰማች። አንደኛውን ገጽ ፋይሉ ውስጥ ከተተው፣ ሁለተኛውን ለእሷ መለሰላት፤ እሷም በቀጥታ ሄዳ መጋዘኑ በር ላይ ለጠፈችው። “ከተጠረዘ በኋላ አራሚዋ በጣቷ ያላነበበችው መጽሐፍ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢያዝ እንኳ ከዚህ በር አይወጣም” ይላል። የንብረት ክፍል ኃላፊው ነጥቦቹን ማንበብ ባይችልም አራሚዋ ነግራዋለች፣ የሥራ አስኪያጁንም ፊርማ ያውቀዋል፤ ሳታይ አንድ ጥራዝ አያወጣም። ሥራ አስኪያጁ በዚያ በር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያልፋል። ምን እንደፈረመ እስከ ዛሬ ማንንም አልጠየቀም።