ከሥልጠናው ምን ትጠብቃላችሁ?

የወሰዱኝ ከስብሰባ አዳራሽ በር ላይ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ዓመታዊ ግምገማ አዳማ ውስጥ አንድ ሆቴል ነበር። ለምሳ ስንወጣ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ጠጋ ብለው "አንዴ ለጥያቄ እንፈልግሃለን" አሉኝ። ጠዋት እጄን አውጥቼ አንድ ነገር ጠይቄ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ባለሙያ ሞልቶት ሳለ፣ እኛው ልንሠራው የምንችለውን ጥናትና ሥልጠና በየዓመቱ ለውጭ አማካሪ የምንሰጠው ለምንድን ነው ብዬ። "በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል" ብዬም ተርቼ ነበር፤ አዳራሹ ሳቀ። ወስደው ያቀረቡኝ ፖሊስ መርማሪ ግን አልሳቀም። መዳብ ያልኩት ማንን እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ በመጨረሻም "ሠራተኛን ለአድማ በማነሳሳት" የሚል ጻፈብኝ።

ያስገቡኝ ከከተማው ዳር ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ቀድሞ የሽንኩርት ማከማቻ ነበር። ሽንኩርቱ ሄዶ ሽታውና ልጣጩ ቀርቷል። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ሽታው ከወለሉ ይነሳና ዓይን ይቆጠቁጣል። በዚያ ሰዓት ዓይኑን የሚጠርግ ሰው ካለ ማንም ምን ሆንክ ብሎ አይጠይቀውም ነበር። እኔም በዚህ ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

ከጎኔ የሚተኙት የደራ ገበሬ ነበሩ፤ ሽማግሌ ናቸው። ማዳበሪያ ዘገየብን ያለ ሕዝብ ቀበሌ ደጃፍ ሲሰበሰብ እሳቸውም እዚያው ቆመው ተገኙ፤ ጥፋታቸው ይኸው ነው። አማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛ ጣል ጣል ያደርጋሉ፤ እኔን "ኢልማ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ለማለት። የሚያወሩት ስለ እስሩ አልነበረም። ዝናቡ ሊገባ ነው፣ መሬቴ ግን አልታረሰም፤ ነጋ ጠባ ይኼው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የመጋዘኑ ኃላፊ የሆነው ኮማንደር መጣና የተሃድሶ ሥልጠና እንደምንወስድ ነገረን። በደንብ የተከታተለ ሰኞ ወደ ቤቱ ይሄዳል አለ። እኔ ወዲያው ያሰብኩት ባለቤቴን ነው። በየቀኑ በባጃጅ ምግብ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ዘበኛው እስኪጠራት እዚያ ጥላ የሌለው ሜዳ ላይ ትቆማለች። ፊቷ ጠቁሮ፣ ጉንጯ ገብቶ ነበር። ያቺን ሴት ከዚያ ፀሐይ ባወጣት ሌላ የምፈልገው አልነበረኝም።

አሠልጣኙ ፕሮጀክተርና ፍሊፕ ቻርት ይዞ ገባ። ሳየው አወቅኩት። የእኛን ቢሮ ሥራ ሁሌ የሚወስደው አማካሪ ድርጅት ባልደረባ ነው፤ ለስንት ዓመት አዳራሽ የያዝኩለት፣ ለሻይ እረፍቱ ኬክ ያዘዝኩለት ሰው። እሱም አየኝ። የኤሌክትሪክ ገመዱን እንደያዘ ቆመ።

"አንተም እዚህ ነህ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"አዎ፣ ተሳታፊ ነኝ" አልኩት።

መጋዘኑ ሶኬት ስላልነበረው ፕሮጀክተሩ ወደ ቦርሳው ተመለሰ። እሱም እንደ ልማዱ ከመተዋወቅና ከመተዳደሪያ ደንብ ጀመረ። ሞባይል ማጥፋት ሲል አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። ስልካችን ከተወሰደ ሰንብቷል። በሰዓቱ መገኘት ሲል ደግሞ በሳቅ የወደቀም ነበር። ምስኪኑ አሠልጣኝ ቀላ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ተቀጥሮ የመጣ ሰው ነው።

ቀጥሎ "ከሥልጠናው ምን ትጠብቃላችሁ?" አለ። ይህን ጥያቄ ሥልጠና ላይ ተቀምጦ የማያውቀው የለም። ጠዋት የተባለው ትልቁ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ማታ ሲዘጋ አንድ በአንድ እየተነበበ የተሟላው ራይት ይደረግበታል። ሰዉም የሚባለውን ያውቃል። አንዱ እውቀት አለ፣ ሌላው ሰላም፣ ሌላው ልምድ መቅሰም። እሱም ጻፈ። ተራው ሽማግሌው ጋ ደረሰ።

"እኔ የምጠብቀው መፈታት ነው" አሉ።

አሠልጣኙ በሩ ላይ የተቀመጠውን ኮማንደር አየት አደረገና "እሱን ሰላም ውስጥ እናካትተዋለን፣ አባ" አላቸው።

"ሰላም ሌላ ነው። እኔ መፈታት ነው ያልኩት።"

አልጻፈውም። ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ሽማግሌውም ቁጭ ብለው ወለሉ ላይ የተጣበቀ የሽንኩርት ልጣጭ በጥፍራቸው መፋቅ ጀመሩ።

ሥልጠናው ለእኛ ተብሎ የተዘጋጀ አልነበረም። ስለ ቅሬታ አቀባበል ነበር፤ ለየቢሮው የሸጡትን ነው እንዳለ ያመጡልን። ቅሬታ ያቀረበ ሰው በቅድሚያ ሊመሰገን ይገባል ሲል አጠገቤ ያለው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ለመሳቅም ደክሞን ነበር።

በእረፍት ሰዓት አሠልጣኙ ጠራኝ። ማጠቃለያውን እኔ ባቀርብ ጥሩ እንደሆነ፣ ሥራውንም ስለማውቀው ኮማንደሩ መስማማቱን ነገረኝ። "ላንተም ይጠቅምሃል፤ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ትወጣለህ" አለ። ይህን ለአንድ እስረኛ ወዳጄ ባጫውተው አቅርብና ውጣ፣ ሌላ ነገር እንዳትናገር፣ ዝም አይነቅዝም አለኝ። እውነቱን ነው። እሺ አልኩ።

ሊዘጋ ሲል ማርከሩን ተቀብዬ ቆምኩ። እውቀት የሚለውን አነበብኩ። እስረኞቹ ተሟልቷል አሉ፤ ራይት አደረግሁ። ሰላም። ተሟልቷል። ልምድ መቅሰም። ተሟልቷል። ወረቀቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚቀረኝ ማርከሩን መልሶ መቀመጥ ብቻ ነበር፤ ባለቤቴም ውጭ ሜዳው ላይ ቆማ ነበር። ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩኝም። ልጣጩን እየፋቁ ነው።

ጀግና ሆኜ አይደለም። ደከመኝ። በአንድ ቀን ይህን ያህል ውሸት ራይት ማድረግ ይደክማል። ከወረቀቱ ግርጌ "መፈታት" ብዬ ጻፍኩ።

"ይሄ ጠዋት ተብሎ ሳይጻፍ የቀረ ነው" አልኩ። "አልተሟላም።"

ማርከሩን ከድኜ ለአሠልጣኙ ሰጠሁት። ኮማንደሩ ጨርሰሃል ወይ አለኝ፤ ጨርሻለሁ አልኩ። አሠልጣኙ ወረቀቱን ሳይቀድ ጠቀለለና ብብቱ ሥር ያዘው። ይህን እስከ ዛሬ እንደ ውለታ እቆጥርለታለሁ።

ሰኞ ስም ተጠራ። የሽማግሌው ነበረበት፤ የእኔ አልነበረበትም። ጨርቃቸውን ሸክፈው በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ዘበኛውን አስፈቅደው ተመለሱ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ኢልማ ኮ፣ የእኔን አሁን ምልክት አድርግበት" አሉኝ።

እሺ አባቴ አልኳቸው። ወረቀቱ የት እንዳለ አላውቅም ነበር።

እኔ የወጣሁት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ባለቤቴ ከፀሐዩ ወደ ዝናቡ ተሸጋገረች። አንድም ቀን ለምን ጻፍክ አላለችኝም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥራዬ ላይ አልመለሱኝም። ዛሬ እኔም ከአንድ አማካሪ ድርጅት ጋር እሠራለሁ፤ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ሳይቀር ለሥልጠና ይቀጥረኛል። ወርቅነቴ የታወቀው ከእጃቸው ከወጣሁ በኋላ መሆኑ ነው። በአዳማ ሆቴሎች ከአዳራሽ አዳራሽ እየዞርኩ ጠዋት ጠዋት ያንኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ። የተባለውንም እንደተባለ እጽፋለሁ። ባለፈው አንዲት ሴትዮ ከኋላ ሆነው "በጊዜ ወደ ቤቴ መሄድ" ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ጻፍኩት። ማታ እሱ ጋ ስደርስ ማርከሩን ይዤ ዞር አልኩና ተሟልቷል ወይ ብዬ እሳቸውን ጠየቅኋቸው።

ሰዓታቸውን አዩና "ገና ነው" አሉ።

ራይት ሳላደርግበት ተውኩት።