ግርዱ ለቤት

እትዬ ወለተ ሐናን የማያውቅ ሰው እህል መልቀም ቀላል ሥራ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ድሬሰር ሆኜ ከገነተ ማርያም በላይ ባለች አንዲት የጤና ኬላ ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከመርፌና ከቁስል ማጠብ ሌላ በዓለም ላይ የረባ ሙያ ያለ አይመስለኝም። እኒህ ሴት ሰፌድ ሲይዙ ያየሁ ቀን ግን አፌን ዘጋሁ። አንዴ ወደ ላይ ያነሡታል፣ ገለባው ይሄዳል። አንዴ ያንገዋልሉታል፣ ጠጠሩ ለብቻው ይሰበሰባል። የቀረውን በጣታቸው ይለቅማሉ፤ ሲለቅሙ ደግሞ እህሉን አያዩትም፣ ከሰው ጋር ያወራሉ። የሚያየው ጣታቸው ነው።

ዝግባ አምባ የምትባለው መንደራቸው ከኬላዬ የሁለት ሰዓት መንገድ ናት፤ ብርዱ ከገብስ ሌላ እህል አያበቅልም። ባላቸው አቶ አረጋ ከሞቱ ቆይተዋል። የቀራቸው አንድ ልጅ ነው፣ ምናለ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ትከሻው ሞፈርና ቀንበር አንድ ላይ የሚያነሣ ጎረምሳ። ለእሳቸው ምናለ ማለት አራሹም ጧሪውም ቀባሪውም ነው። እሱ ካረሰ ይበላሉ፤ ካላረሰ አይበሉም።

የመንደሩ ሴቶች የሰንበቴ ተራቸው ሲደርስ እህላቸውን ይዘው የሚሄዱት እሳቸው ቤት ነበር። ሰንበቴ መቼም ቀልድ አይደለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ተረኛው ያመጣውን ዳቦና ጠላ ይቋደሳል፤ ዳቦው ውስጥ አንድ ጠጠር የአንዱን ጥርስ ካገኘ ያቺ ሴት ዓመቱን ሙሉ ስትታማ ትኖራለች። ስለዚህ እትዬ ወለተ ሐና ይለቅማሉ። ለድካማቸው ግርዱ የእሳቸው ነው። ስብርባሪውን፣ የኮሰሰውን ፍሬ፣ ሳይዘሩት ከገብሱ ጋር የሚበቅለውን ሲናር ወደ ቤታቸው ያስገቡታል፤ ከራሳቸው ግርድ ጋር ቀላቅለው ይፈጩታል። ድሃ ቤት እህል አይጥልም። «የጠራው ለእግዜር፣ ግርዱ ለቤት» ይሉ ነበር፤ ሲሉትም ኩራት ነበረባቸው።

የ1969 ዓ.ም. ክረምት አልወጣም ብሎ እስከ ጥቅምት ቆየ። ጉሙ ተራራውን ለቆ አልሄደም፣ ገብሱ ሳሳ፣ ሲናሩ ግን ፋፋ። በኅዳር ሲታጨድ የማሳው ግማሽ ሲናር ነበር። ካድሬው መጥቶ ምርቱ መልካም ነው ብሎ ጽፎ ሄደ፤ ከሩቅ ለሚያየው ሁሉም አንድ ነው።

ታኅሣሥ ላይ አሰለች የምትባል የአራት ወር አራስ ጎረቤታቸው አንድ ቁና እህል ይዛ መጣች። እትዬ ወለተ ሐና ሰፌዱን ሁለት ጊዜ አንገዋለሉና ቆሙ። ከገብስ ፍሬ ረዘም ያለ፣ ጎበጥ ያለ፣ ጥቁር ነገር በጣታቸው ይዘዋል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጥቁር ገብስ ይሆናላ» አለች አሰለች።

«ጥቁር ገብስ እኔ ጠፍቶኝ? ጥቁር ገብስ መሐሉ ስንጥቅ አለው። ይኼ ድፍን ነው።»

«እንግዲያው ሲናር ነዋ። ሲናር በልቶ የሞተ አለ እንዴ? ብቻ እትዬ፣ ለሰንበቴው ዳቦ ጥቁር እንዳይገባብኝ።»

አልገባባትም። እትዬ ወለተ ሐና አንድ በአንድ ለቅመው አወጡት፤ እፍኝ የሚሞላ ሆነ። እፍኙን ከሌላው ግርድ ጋር ወደ ቤት አስገቡት። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላዋ መጣች፣ ከዚያ ሌላዋ። የዚያ ዓመት እህል የትም ቤት ያው ስለነበር ከየቁናው አንድ እፍኝ፣ አንዳንዴ ሁለት እፍኝ ጥቁር ይወጣል። ያ ሁሉ አንድ እንስራ ውስጥ ገባ። ምናለ ከእርሻ ሲመለስ ከዚያ የተጋገረ ወፍራም ቂጣ ይቀርብለታል። እሳቸው ጾመኛ ናቸው፤ ከሰንበቴ በሚደርሳቸው ቁራሽ ነው የሚውሉት።

በጥር ምናለ እግሬ ነደደ አለ። በእሳት የያዙት ያህል ይነደዋል፤ እናቱ ሲነኩት ግን እግሩ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ማታ ጨርቅ አሙቀው አሰሩለት፣ ጠዋት ጠበል አስነከሩት። አልተወውም። የግራ እግሩ አውራ ጣት ጫፍ ሲጠቁር እኔ ዘንድ ይዘውት መጡ።

አሁን የምናገረውን በደስታ አልናገረውም። እግሩን አገላብጬ አየሁ፣ ምንም አልገባኝም፤ አልገባኝም ለማለት ግን ነጭ ጋዋን ለብሼአለሁ። «ብርድ ነው» አልኩ። «ደሙም አንሷል።» ቅባትና የቫይታሚን ክኒን ሰጠሁትና «በደንብ ብላ» አልኩት። ለእናቱም ደገምኩላቸው፦ «እትዬ፣ ያብሉት። ያልበላ ሰው አይድንም።»

«ይኼማ ቀላል ነው ልጄ። እኔ ከአፌ ነጥቄም ቢሆን አበላዋለሁ» አሉኝ። ፊታቸው በራ። የሐኪም ትእዛዝ ነዋ፤ በቀን ሁለት የነበረውን ቂጣ ሦስት አደረጉት።

ጥቁረቱ ከጣቱ ወደ እግሩ ወጣ። የቀኙም ጀመረ። ያን ጊዜ መንደሩ ማንሾካሾክ ያዘ፤ ጣት የሚበላ በሽታ አንድ ብቻ ነው የሚያውቁት፣ ሥጋ ደዌ። የሰንበቴው ሙሴ፣ ማኅበሩን የሚመሩት አቶ ደሞዝ፣ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን በእትዬ ወለተ ሐና ደጅ ቆመው፣ ሳይገቡ፣ «የዚህ ወር ተራ ይለፋችሁ፤ ልጁ ይሻለው» አሉ። ነገሩ ለሁሉም ገባው። ሴቶቹም እህላቸውን ወደዚያ ቤት መውሰድ አቆሙ። በዝግባ አምባ ከነበረው ዳቦ ሁሉ ንጹሑ እሳቸው የለቀሙት ነበር፤ የሰንበቴው ዳቦ ከዚያ ወዲያ ሳይለቀም መጋገር ጀመረ።

ወሩ ሳይሞላ እጃችን ደነዘዘ የሚሉ መጡ። ቆዳችን ላይ ጉንዳን ይሄድብናል የሚሉ መጡ። አራሶች ጡታቸው ነጠፈ። አሰለች ልጇን ታቅፋ መጣችና ጡቷን ብትጫነው ጠብ የሚል የለም፤ ሕፃኑ ማልቀስ እንኳ ትቶ ያየኛል። ከሳምንት በኋላ ሞተ። እኔ ያው ቅባትና ቫይታሚን እሰጣለሁ፣ ብሉ እላለሁ። የካቲት መጨረሻ ላይ የምናለን ቁስል ሳጥብ አውራ ጣቱ ጨርቁ ውስጥ ቀረ። ደም አልወጣም። ምናለ ጣቱን አየው፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። በዚያው ቀን ለአውራጃው ደብዳቤ ጻፍኩ።

መጋቢት ላይ ዶክተር አድማሴ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ ተልኮ፣ ከመኪና መንገዱ ወዲህ በበቅሎ መጣ። ቀጭን፣ ነገር የሚያበዛ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚጠርግ። ከበሽተኞቹ እግር ይልቅ ምግባቸውን መጠየቁ መጀመሪያ አናደደኝ። ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ እህል እየተቀበለ ወረቀት ላይ ይዘረግፋል፣ ይቆጥራል፣ ይጽፋል። እትዬ ወለተ ሐና ቤት ስንደርስ ግን ወደ እህሉም አልሄደም፤ ግቢው መሐል ቆሞ አውራ ዶሯቸውን ያያል። በዶሮው ራስ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጠቁሮ ተኮማትሯል። ሲራመድም ያነክሳል።

«ይህ ዶሮ ምን ይበላል?»

«ምን ይበላል ብለህ፤ ከእኛው ግርድ እበትንለታለሁ» አሉት።

እንስራውን አስወጣ። እጁን ሰደደና እፍኝ ሙሉ አወጣ፤ ከግማሽ በላዩ ጥቁር ነበር። አንዱን በጥፍሩ ሰበረው። ውስጡ ግራጫ ነው። ዶክተር አድማሴ እጄን ይዞ ከግቢው አስወጣኝ።

«ይህ እህል አይደለም» አለኝ። «ሻጋታ ነው። ክረምት ሲረዝም በሲናሩ ዛላ ላይ፣ በፍሬው ቦታ ይበቅላል። ደም ሥርን ያጠባል፤ ደም እግር ጋ አይደርስም። የእናቶቹንም ወተት የሚያደርቀው እሱ ነው። በሌሎቹ ቤቶች ያየሁት ከመቶ ፍሬ አንድም ሁለትም ነው። እዚህ ቤት እንዴት እንዲህ ሊከማች እንደቻለ አይገባኝም።»

ለእኔ ገብቶኛል።

ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ሄደ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከፋለ ሁለታችንንም ጠርቶ፣ ውጤቱ በወረቀት ሳይመጣ ስለ ተመረዘ እህል አንድ ቃል እንዳይወራ አስጠነቀቀን፤ ምርቱ መልካም ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ያንን የሚያፈርስ ወሬ ምን ተብሎ እንደሚጠራ እናውቃለን አለ። ዓመቱ ሰባ ነው፤ እናውቃለን። ዶክተሩ መነጽሩን ጠረገ። ወረቀቱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ በሦስት ሳምንት ምናለ ስልሳ ሦስት ቂጣ ይበላል። ፈርቼ ነበር፣ ግን በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ።

«እትዬ ወለተ ሐና፣ ግርዱን ከእንግዲህ አትብሉት» አልኩና የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«የአሰለች፣ የደሞዝ ሚስት፣ የከፋለ እናት...» ዘጠኝ ላይ ቆሙ። «የእኔንም ጨምሮ የዘጠኝ ቤት ነው የለቀምሁት።»

«አዎ።»

«በየቤታቸው ቢቀር ጥቂት ጥቂት ነበር።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«የዘጠኝ ቤት ለአንድ ልጅ» አሉ። አላለቀሱም። እንስራውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ደጅ ወጡና እሳት አነደዱ።

ያብሉት ያልኳቸው እኔ መሆኔን አልተናገርኩም። እሳቸውም አላነሡትም። ረስተውት ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

ምናለን በቃሬዛ እስከ መኪና መንገዱ አወረዱት፤ ደሴ ሆስፒታል ሁለት እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ወረቀቱም በጊዜው መጣ፤ ዶክተሩ ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ከወረቀቱ ጋር ትእዛዝ መጣ፦ ጥቁሩ ሳይለቀም እህል እንዳይፈጭ። መልቀም የሚችል ማን ነው? ሴቶቹ ቁናቸውን ተሸክመው ያንኑ ደጅ አንኳኩ፤ ከፊት አቶ ደሞዝ ነበሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው። እኔ ያባርሯቸዋል ብዬ ነበር፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን አባርራቸው ነበር። እትዬ ወለተ ሐና ሰፌዳቸውን አወረዱ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፣ የተለቀመው እዚያው በፊታቸው እንዲቃጠል። እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ ለቀሙ፣ ለሌሎቹም ሴቶች አስተማሩ። ከዚያ ወዲያ በዝግባ አምባ አዲስ በሽተኛ አላየሁም።

ምናለ በሰኔ መጨረሻ በበቅሎ ተመለሰ። መሬቱን ጎረቤቶቹ በደቦ አረሱለት። በመስከረም፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ቁስሉን ላይለት ሄድኩ፤ በደንብ ድኗል። ከግድግዳው ተደግፎ ተቀምጧል፤ ትከሻው ያው ነው። ምሳ ደርሶ ነበርና እናቱ የገብስ ቂጣ አቀረቡለት። እንደ ወረቀት የነጣ ቂጣ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ የሌለበት።

ምናለ እጁን አልዘረጋም።

እትዬ ወለተ ሐና ከቂጣው ጫፍ ቆረሱ፣ አፋቸው ውስጥ አደረጉ፣ አላመጡ፣ ዋጡ። ለማያምን እንግዳ ጠላ ሲቀዳ ባለቤቱ ቀድሞ እንደሚቀምሰው። እሱ ጉሮሯቸውን ያያል። መዋጣቸውን ካየ በኋላ እጁን ሰደደና መብላት ጀመረ። በየማዕዱ እንደሚደረግ ከሁኔታቸው ገባኝ።

ተቀምጬ ማየት አልቻልኩም። «ምናለ» አልኩት፣ «ብላ ያልኩህ እኔ ነኝ። እናትህን ያብሉት ያልኩ እኔ ነኝ። እሳቸው እኔ ያዘዝኳቸውን ነው ያደረጉት።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ በእኔ አትቆጣም?»

አፉ ውስጥ ያለውን ቀስ ብሎ ዋጠ። «አንተ ድሬሰር ነህ» አለኝ። «እሷ እናቴ ናት።»

እትዬ ወለተ ሐና አጠገቡ ነበሩ፤ ሰሙት። ሁለተኛውን ቂጣ አነሡ፣ ከጫፉ ቆርሰው ቀመሱ፣ እስኪውጡት ድረስ ቆዩና አቀረቡለት።