ተናኘ ብቻ ያልሰማችው ወሬ

መካኒሳ አቦ ውስጥ ዶሮ ከቆጥ ብትወድቅ፣ ዶሮዋ አቧራዋን ሳታራግፍ ወሬው ወይዘሮ ተናኘ ደጃፍ ይደርሳል ይባል ነበር። ስኳር ወደ ቀበሌው ሱቅ መግባቱን ከሱቁ ሠራተኛ ቀድማ የምታውቅ፣ ሊቀመንበሩ እሁድ ስብሰባ ላይ የሚናገረውን ቅዳሜ ማታ ለጎረቤት የምታደርስ ሴት ናት። ሊቀመንበሩ ራሱ አንድ ቀን «ጓድ ተናኘ፣ ነገ ምንድን ነው የምለው?» ብሎ ጠየቃት አሉ። ይህን ያወራችው ግን እሷው ናትና ግማሹን ይዛችሁ ግማሹን ተዉት።

ታዲያ የእግዜር ነገር፣ ሰፈሩን ያጥለቀለቀው ትልቁ ወሬ ለእሷ ብቻ ሳይደርሳት ቀረ። ወሬው ስለ ራሷ ነበር።

ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ሆስፒታል ገባች፤ በቀዶ ጥገና ወጣላትና ቤቷ ተመለሰች። ሐኪሙ ዶክተር በንቲ ባሏን አቶ መኩሪያን ለብቻው ጠርቶ «ካንሰር ነው» አለው። መኩሪያ እንደ አገሩ ወግ ለታማሚዋ አልነገረም። ለወንድሙ ነገረ። ወንድሙ ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለማኅበሯ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ወሬው ፉሪ ደርሶ ተመለሰ። «አደራ፣ ተናኘ እንዳትሰማ» እየተባለ ስለተነገረ ያልሰማ ሰው አልተገኘም።

ለተናኘ የተነገራት «ትንሽ እባጭ ነገር ናት፣ ወጥታልሻለች» የሚል ነው። እሷም አመነች፤ ሰው እስኪለወጥባት ድረስ። መጀመሪያ የተለወጠው መኩሪያ ነው። ዕድሜ ልኩን ከሚሠራበት ጋራዥ ባዶ እጁን ሲገባ የኖረ ሰውዬ በየማታው ሙዝ አንጠልጥሎ መምጣት ጀመረ። ቀጥለው ጠያቂዎቹ ተለወጡ። «አንቺን የመሰለ ደግ የት ይገኛል» ይሏታል፤ አምና «ምላሳም» ሲሏት የነበሩት ናቸው።

ይህን ሁሉ ቻለችው። ያልቻለችው የቡዜን ወንፊት ነው።

ቡዜ አጥር የምትጋራት ወተት ሻጭ ናት፤ ቤተሰቦቿ እዚያው አካባቢ ሲያርሱ የኖሩ ነባሮች ናቸው። የተናኘን ወንፊት ተውሳ ወስዳ፣ ከዘመን ብዛት የራሷ ንብረት አድርጋዋለች። በተጠየቀች ቁጥር መልሷ «ነገ» ነው። አንድ ጠዋት ግን ወንፊቱን አጥባ፣ የላላ ጠርዙን አጥብቃ፣ በሁለት እጇ ይዛ መጣች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች ተናኘ።

«ምንም። የሰው ዕቃ ነው ብዬ ነው።»

«የሰው ዕቃ መሆኑ ዛሬ ነው የታወቀሽ?»

«እንግዲህ… ይቅር በይኝ እትዬ» አለችና ቡዜ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ወጣች።

ተናኘ ወንፊቱን ጭኗ ላይ ታቅፋ ቀረች። በመካኒሳ የተዋሰ ሰው ዕቃ የሚመልሰው አገር ለቆ ለሚሄድና ለሚሞት ብቻ ነው። እሷ ደግሞ የምትሄድበት አገር የላትም።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ቁስሉ ደርቆ ሳለ ብብቷ ሥር ይጠዘጥዛት ጀመር። መገጣጠሚያዋን ይቆረጥማታል፤ ከአልጋ ወርዳ ደጅ ሳትደርስ ጉልበቷ ያልቃል፤ የበላችው ሁሉ እንጨት እንጨት ይላታል። አንድ ነገር ባመማት ቁጥር «ይኸው፣ ወንፊቱ ያወቀው መጣ» ትላለች። ስትጨነቅ ሕመሙ ይብሳል፣ ሕመሙ ሲብስ ደግሞ ትጨነቃለች።

የሐኪም ቀጠሮ ደረሰ። እንደ ወትሮው መኩሪያ ቀድሞ ገብቶ ሊንሾካሾክ ሲል፣ በሩ ላይ «ሙዝ አማረኝ» አለችው። ሰውዬው ዞሮ ሳያይ ወደ ገበያ በረረ። እሷ ገባች።

«ባለቤትዎስ?» አለ ዶክተር በንቲ።

«ሙዝ ፍለጋ ሄዷል። ልጄ፣ የያዘኝን ንገረኝ። አገር ያውቃል፣ ወንፊት እንኳ ያውቃል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

የወንፊቱ ነገር ለሐኪሙ አልገባውም፤ ሌላው ገባው።

«ካንሰር ነው። እብጠቱን አውጥተነዋል፤ እስካሁን ሌላ ቦታ አላየሁም። አይመለስም ብዬ ግን አልምልልዎትም፤ እየመጡ እናየዋለን።»

ተናኘ ዝም አለች። ወሬ ሰምታ ዝም ስትል ታይታ አታውቅም።

«ታዲያ ይሄ ድካም፣ ይሄ ቁርጥማት፣ ሞት አይደለም እየመጣ ያለው?»

ጠባሳዋንና ብብቷን በደንብ ዳሰሰና ተቀመጠ። «ሰውነት ከበሽታና ከምላጭ ጋር ሲታገል ይቆጣል። እንቅፋት የመታው ጣት ቀልቶ ይግል የለ? እንደዚያ ነው፤ የእርስዎ ግን በመላ አካል ውስጥ ቀስ እያለ የሚጨስ ነው። ድካሙም ቁርጥማቱም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበት ቁጣው ቶሎ አይበርድም።»

«ካንሰሩንም ያመጣው ጭንቀት ነው በለኛ።»

«እንዲያ አላልኩም፤ ራስዎን እንዳይከሱ። ሕመሙን ግን ያከብደዋል። ምን ነበር ያስጨነቀዎት?»

«የሚያዝኑልኝ ሰዎች።»

ማስታገሻ ጻፈላት፤ በየጠዋቱም ትንሽ ትንሽ እንድትራመድ መከራት። ስትወጣ መኩሪያ ሙዙን ታቅፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል።

«ምን አለሽ?»

«ካንሰር ነው አለኝ። አደራ፣ ለመኩሪያ እንዳትነግር፣ ይደነግጣል።»

ሊስቅ ሞከረና አለቀሰ። እሷም ሙዝ ልጣ አጎረሰችው።

እሁድ ጠያቂዎቿ ፊታቸውን አጥቁረው ቤቱን ሲሞሉት ተናኘ ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች። «ካንሰር እንደሆነ ሰምቻለሁ። ከእንግዲህ የእኔን ወሬ ከባለቤቱ ከእኔው ትሰማላችሁ። ማልቀስ የፈለገ ደጅ ጨርሶ ይግባ። ሙዝም ይብቃ፤ ሊጠይቀኝ የመጣ ወሬ ይዞ ይምጣ።»

አንዷ ሳል ቢጤ አሰማችና «የሊቀመንበሩን ሚስት ነገር ሰምተሻል?» አለች። ያን ቀን እስኪመሽ ከቤቱ የወጣ የለም።

ሕመሙ ባንዴ ተጠርጎ አልሄደም፤ ብብቷ አልፎ አልፎ ይጠዘጥዛታል። እንቅልፏ ግን ተመለሰ፣ ከእንቅልፉ ጋርም ምግቡ ጣመ። ሐኪሙ ያዘዘውን የጠዋት እርምጃ አንድ ቀን አላጓደለችም፤ መንገዱ በስንት ደጃፍ ያልፋል።

አንድ ጠዋት ከእርምጃዋ ስትመለስ ወንፊቱ ከተሰቀለበት ሚስማር ላይ የለም። ተናኘ ባዶውን ሚስማር እያየች ብቻዋን ሳቀች፤ ወደ አጥሩም ጠጋ አለች።

«አንቺ ቡዜ፣ ወንፊቴን መቼ ነው የምትመልሽው?»

ከማዶ ዱቄት የሚነፋበት ድምፅ ቆመ።

«ነገ እትዬ።»