ሽታዬ ተራዋ ሲደርስ

ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ ከመንገዱ ዳር ድስትና ጀበና ደርድረው ከሚሸጡት ሴቶች መካከል ሽታዬን መለየት ከባድ አይደለም። ማኪና ሲቆም ሌሎቹ ተነሥተው ይጣራሉ፤ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም። «ድስት የፈለገ ድስቱን ያያል እንጂ እኔን ምን ያደርገኛል?» ትላለች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። አፏ ቀልድ፣ እጇ ጭቃ አጥቶ አያውቅም። ሙያውን ያስተማሯት እናቷ ሲሆኑ፣ እሳቸው ደግሞ ኋላ ወደ እስራኤል ከሄዱት ቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻቸው የቀሰሙት ነው። ይህች ተጫዋች ሴት ወሬ የምትቀይረው አንድ ነገር ሲነሣ ብቻ ነው፤ ሒሳብ።

ነገሩ የቆየ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለች መምህሩ «ሁለት ኤክስ ሲደመር ሦስት እኩል ይሆናል ዐሥራ አንድ» ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉና «ሽታዬ፣ ነይ ሥሪው» አሏት። ወጣች። ጠመኔውን ያዘች። ከዚያ የልቧን ጠየቀች፤ «መምህር፣ ይሄ ፊደል ከቁጥር መሀል ምን ጥልቅ አደረገው?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ ደወል እስኪደወል እዚያው ሰሌዳው ሥር አቆሟት። በማግስቱ ሽታዬ ቀረች። በሳምንቱ እናቷ ታመሙና ጭቃው እሷን ብቻ ጠበቀ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ለአንድ ቀን የቀረችበት ትምህርት ሠላሳ ዓመት ሞላው።

አሁን ሰባተኛ ክፍልን የጨረሰችው ልጇ ጸሎት ናት። ጸሎት «ኤክስ የት ገባ?» በሚባል የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አለች። ቡድኑ መምህር የለውም። ስድስት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይገናኙና ከመካከላቸው አንዱ በተራው ለአምስቱ አልጀብራ ያስተምራል። የመሠረተችው ኢልሃም የምትባል የጎንደር ከተማ ነጋዴ ልጅ ናት። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሥርዓት በማስከበር ግን ዳኛ ታስንቃለች። ሕጉንም ከላይ ለጥፋዋለች። «ቡድኑ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ነው። ተራው ደርሶ ያላስተማረ ይወጣል።»

ቡድኑ ውስጥ የሚታየው ስም የጸሎት ቢሆንም ስልኩ የሽታዬ ስለሆነ፣ ልጇ ስትማር አጠገቧ ሆና ጭቃዋን እያሸች ትቀመጣለች። ለጥበቃ ነው ባይ ናት። ጆሮ ግን በር የለውምና የሚባለው ሁሉ ይገባል።

ሐምሌ ላይ ጸሎት ወልዳ የተኛች አክስቷን ልታግዝ ሳንጃ ወረደች። ስትሄድ «እማዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፈቺውና የሚሉትን ደብተሬ ላይ ጻፊልኝ» አለቻት። ሽታዬም እንደተባለችው መጻፍ ጀመረች። ክረምት ነው፤ ሸክላው ቶሎ አይደርቅ፣ ገበያተኛ የለ፣ ጊዜ ሞልቷል። የጻፈችውን ማታ ታነበዋለች፣ ጠዋት ትደግመዋለች። ያ ሰሌዳው ሥር ያስቆማት ኤክስ ለካ ሌላ ጉድ አይደለም፤ ገና ያልታወቀ ቁጥር ነው። ይህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነገራት ሰው አለመኖሩ አናደዳት።

አንድ ቅዳሜ ኢልሃም ጥያቄ ጠየቀች፤ ልጆቹ ገና ያሰላሉ። ሽታዬ መልሱ ታወቃት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ለካ ጣትም ያመልጣል። «ሰባት» ብላ ጻፈችና ላከች።

«ጎበዝ ጸሎት!» አለች ኢልሃም።

ሽታዬ በሒሳብ ጎበዝ ተብላ አታውቅም። የተመሰገነችው ልጇ ብትሆንም ደስ አላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና መለሰች፤ ያን ጊዜ ግን ተሳሳተች። ወረቀቷን ፎቶ አንሥታ ስትልክ፣ ምንይችል የሚባለው የአዲ አርቃይ ልጅ «አንቺ ደንቆሮ፣ ወዲያ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል እኮ!» ብሎ አረማት። የልጇ እኩያ ደንቆሮ ብሏት ሳቋ መጣ እንጂ አልተቆጣችም። «ድምፅሽን አሰሚን» ሲሏት ግን «የስልኬ ማይክ ተበላሽቷል» ብላ ጻፈች። ማይኩ ምንም አልሆነም፤ ውሸቷን ነው።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በነሐሴ ኢልሃም የተራውን ዝርዝር ለጠፈች። የሚቀጥለው ቅዳሜ አስተማሪ ጸሎት ናት። ከሥሩም «ማይክ ተበላሸ ብሎ ነገር የለም፤ የጎረቤት ስልክ ተዋሺ» የሚል አለበት።

ሽታዬ ሳንጃ ደወለች።

«ጸሎቴ፣ ቶሎ ነይልኝ።»

«ምነው እማዬ? ምን ሆንሽ?»

ነገረቻት። ጸሎት ሳቋን ለቀቀችው፤ ከዚያ ድንገት ቀጥ አለች። «ቆይ፣ ስንት ጥያቄ መለስሽ?»

«ዐሥራ ዘጠኝ።»

«ስንቱን አገኘሽ?»

«ዐሥራ ስድስቱን።»

«ጉዴ ፈላ! ጎበዝ አድርገሽኛል እኮ! ስመለስ ምን ልሆን ነው?» አለች ጸሎት። «ደግሞ መንገዱን ዝናብ አበላሽቶታል፤ እስከ ቅዳሜ አልደርስም። ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው አስተካክይው።»

ከቡድኑ ወጥቶ መገላገል ቀላል ነበር፤ አንድ ጊዜ መንካት ነው። ግን የምትወጣው በጸሎት ስም ነው፤ ልጇም ቦታዋን ታጣለች። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ደግሞ የራሷ ነገር ነው። እንደገና ሰሌዳውን ጥላ ልትሄድ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጭቃ ስታሸ ምን እንደምታስተምር አሰበች፤ መልሱም እዚያው እጇ ላይ ተገኘ።

ቅዳሜ ዝናቡ አባራ። ሽታዬ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች፤ ማን ሊያያት እንደሆነ እንጃ። ስልኩን ለመድረቅ በተቀመጠ ድስት ላይ አስደገፈችውና ማይኩን ከፈተች።

«ጤና ይስጥልኝ ልጆች።»

የማያውቁት የትልቅ ሰው ድምፅ ነው።

«ጸሎት የለችም እንዴ?» አለ ምንይችል።

«ጸሎት ሳንጃ ናት። ከሐምሌ ጀምሮ ስመልስ የነበርኩት እኔ እናቷ ነኝ። ሽታዬ እባላለሁ። ማይኩም ደህና ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ወይኔ! እኔ እኮ ደንቆሮ ብዬዎታለሁ!»

«ሁለት ጊዜ» አለች ሽታዬ።

ሳቁ በረድ ሲል ኢልሃም ጉሮሮዋን ጠረገች። «እትዬ ሽታዬ፣ እንዳይቀየሙኝ እንጂ ቡድኑ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ነው። ሕጉ ላይ አለ።»

«አንብቤዋለሁ። እኔም ሰባተኛ ክፍል ነኝ።»

«እንዴት?»

«ሰባተኛ ገባሁ፤ ኤክስ አባረረኝ። ወደ ስምንተኛ ያሳለፈኝ ሰው የለም። ታዲያ የት ነኝ?»

ኢልሃም ሕጉን ጮክ ብላ እንደገና አነበበችው። «ሕጉ ዕድሜ አይልም» አለ ምንይችል ቀስ ብሎ።

«እሺ፣ ያስተምሩና እናያለን» አለች ኢልሃም።

ሽታዬ ጀመረች። «አንድ ሆቴል የጥብስ ሸክላ አዘዘኝ እንበል። አናጢ የእንጨት ማስቀመጫ ሠርቶለታል፤ ስፋቱ ሃያ ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው። ሸክላዬ ልክ እዚያ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ጭቃ ግን ሲደርቅና ሲተኮስ ያንሳል፤ የእኔ አፈር ከዐሥር አንዱን ይቀንሳል። ጭቃውን ስንት ሴንቲ ሜትር አድርጌ ልሥራው?»

«ቀላል ነው!» አለ ምንይችል። «የሃያ ሰባት አንድ ዐሥረኛ ሁለት ነጥብ ሰባት። ሲደመር ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት።» ሌሎቹም ያንኑ ላኩ። ኢልሃምም ያንኑ።

«ሸጋ። በሉ እንዳላችሁት ሠራሁት። ደረቀ፣ ተተኮሰ። ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ከዐሥር አንዱን ሲቀንስ ስንት ወጣ?»

እርሳስ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። «ሃያ ስድስት ነጥብ... ሰባት ሦስት» አለች ኢልሃም። «አነሰ! የት ገባ?»

«እኔም የመጀመሪያ ጊዜ እንደ እናንተ አድርጌ ሃያ ሸክላ ሠራሁ። ሃያውም ማስቀመጫው ውስጥ ሲንገጫገጭ አናጢው ሳቀብኝ። በእንግዳ ጭን ላይ ጥብስ የሚደፋ ሸክላ ሠራሁ ማለት ነው።» ልጆቹ ሳቁ። «አያችሁ፣ የሚቀነሰው ከዐሥር አንድ የእርጥቡ ነው፤ እናንተ የደረቀውን ወሰዳችሁ። እርጥቡ ግን ስንት እንደሆነ አናውቅም። የማናውቀውን ምን እንለዋለን?»

«ኤክስ!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

«ኤክስ ሲቀነስ የኤክስ አንድ ዐሥረኛ እኩል ይሆናል ሃያ ሰባት። ከዐሥሩ እጅ ዘጠኙ ሃያ ሰባት ከሆነ፣ አንዱ እጅ ሦስት ነው። ዐሥሩ?»

«ሠላሳ!»

«ሠላሳ። ከዚያ ወዲህ እጄ ሠላሳ እንደሆነ ያውቃል፤ ለምን እንደሆነ ግን ያወቅሁት በዚህ ክረምት፣ ከእናንተ ነው።»

ኢልሃም «በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ የሸክላ ጥያቄ ይዘው ይምጡ» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጳጉሜ ላይ ጸሎት ከሳንጃ ተመለሰች። በዚያው ሳምንት ኢልሃም የአዲሱን ዓመት የስም ዝርዝር ለጠፈች፤ አሁን ሰባት ስም ነው። በየስሙ ትይዩ ክፍሉ ተጽፏል። ሽታዬ መነጽሯን አድርጋ ከታች ጀምራ አነበበች። የሁሉም መጨረሻ ላይ፣ ልክ በተማሪ የውጤት ካርድ ላይ እንደሚጻፈው፣ «ሽታዬ፤ ወደ ስምንተኛ ክፍል ተዛውራለች» ይላል።

ሽታዬ ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ። ጸሎት ደንግጣ የምታሸውን ጭቃ ጣለችና ሮጣ መጣች።

«ምነው እማዬ?»

«አለፍኩ» አለቻት።