የሳሎናችን ዓሦችና የቧንቧው ውሃ

ባለቤቴ የጎንደርን የቧንቧ ውሃ በመድኃኒት የሚያክም የጤና ሠራተኛ ነበር። አንድ ፈረንጅ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ የዓሣ ማኖሪያ መስታወቱን ከነዓሦቹ ሰጠው፤ ባለቤቴም ፒያሳ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አስቀመጠው። ውሃውን በለወጠ ማግስት ግን ከዓሦቹ ሁለቱ ሞተው ተንሳፈፉ።

ከአዘዞ ልትጠይቀን የመጣችውን እናቴን ጠረጠራት። የቄስ ሚስት ናት፤ መስታወቱን ገና ስታየው አማትባ ነበር።

«ጠበል ጨምረውበት ይሆናል» አለኝ በሹክሹክታ።

እኔም ሳታየኝ የጠበል ጠርሙሷን ፈትሼ ነበር፤ እንደ ሞላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ የውሃ መመርመሪያ መድኃኒት አመጣ። ከቧንቧው በብርጭቆ ቀድቶ ጠብ ሲያደርግበት ውሃው ቢጫ ሆነ። ዓሦቹን የገደላቸው እሱ ራሱ ለከተማው ውሃ የሚጨምረው ክሎሪን ኖሯል።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎን ጠርጥሬ ነበር» አላት።

እናቴ ብርጭቆውን ትክ ብላ አየችው።

«ግድ የለም ልጄ። ዓሣ የገደለውን ውሃ ግን ምነው እኛን ታጠጡናላችሁ?»

ሰው እንደማይጎዳ ቢያስረዳትም፣ ክሎሪኑ እንዲተንን ውሃውን በገንቦ ክፍት አሳድሮ የቀሩትን ዓሦች ቢያተርፍም አላመነችውም። ከዚያ ወዲያ ቤታችን የምትመጣው የምትጠጣውን የምንጭ ውሃ በቅል ይዛ ነበር።