በጠራራ ፀሐይ የተወራ ተረት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው በአንድ ጆሮዬ ብቻ ነበር። ሌላው ጆሮዬ ቤት ነው። እናቴ የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ አባቴ ጅቡቲ ሄዶ ስለቀረ ከእኔ ሌላ የሚጠብቃት አልነበረም። ያኔ ከሚሴ ውስጥ፣ እኛ ሠፈር፣ በሽታው የጣለው ሰው ከሩቅ ክብሪት ይጫርለታል እንጂ ለሃጩ ይጋባል ተብሎ ማንም አይነካውም። እናቴን የምነካት እኔ ብቻ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ጎረቤታችን አኮ ዘምዘም፣ ሠፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ አያቴ እያለ የሚጠራቸው ባልቴት፣ ሲመሻሽ የማሽላ አገዳ አንድደው ለልጆች ተረት ያወሩ ነበር። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ኩራዙ ይርገበገባል፣ እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ አንዴ ወደ እሳቸው አንዴ ወደ ቤታችን አያለሁ። አንድ ምሽት ጅቡ ሙሽራ መስሎ ሠርግ ቤት ሊገባ ሲል አላስቻለኝም፤ ሳላውቀው ከልጆቹ መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ። ወዲያው የጨርቅ ቃጠሎ ሸተተኝ። ሮጬ ስደርስ እናቴ ምድጃው አጠገብ ወድቃለች፣ ክንዷ ፍሙ ላይ ነው። እንዴት ጎትቼ እንዳወጣኋት እኔም አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ተረቱንም ትምህርት ቤቱንም እርግፍ አድርጌ ተውኩ። እናቴ በደህናው እጇ እየገፋች ሂጂ ትለኛለች፤ እኔ ወይ ፍንክች። መምህራችን ሁለት ጊዜ ሰው ላከ። በመጨረሻም ሰኞ ካልመጣሁ ስሜን ከመዝገብ እንደሚሰርዝ አስነገረኝ።

ሰኞ ጠዋት አኮ በርጩማቸውን አንጠልጥለው መጡና በእናቴና በምድጃው መሃል ተቀመጡ። ከዚያም በጠራራ ፀሐይ ተረት ጀመሩላት። በእኛ አገር ተረት በቀን ካወሩ ከብት ይጠፋል ይባላል፤ በደጃችን የሚያልፉ ሴቶች ሰምተው አስተግፊሩላህ አሉ። የአኮ ምላስ ደግሞ አይቻልም።

«እኔ የምትጠፋ ላም የለችኝም» አሏቸው። ወደ እኔ ዞሩና፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ሂጂ።»

«ብትወድቅስ?»

«ከወደቀች እይዛታለሁ። እጅ አለኝ።»

ሄድኩ። መምህሩ ካለው አንዱም አልገባኝም። እንደተለቀቅን በሩጫ ቤት ገባሁ። እናቴ ራሷን አኮ ጭን ላይ አድርጋ ተኝታለች፤ የአኮ ቀሚስ በለሃጭ ርሷል።

«ወድቃ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «አላስጠራሁሽም።»

በርጩማው ሥር ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅኩ። ውሎ አድሮ ሁለት የሠፈር ሴቶች ፈራ ተባ እያሉ እናቴን በመጠበቁ ተራ ገቡላቸው፤ እኔም ክፍሌን ሳልደግም አለፍኩ።

ከተረቶቹ አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል። ያልጠፋኝ፣ እናቴ እኔ በሌለሁበት ወድቃ እኔ በሌለሁበት መነሳቷን ስሰማ ደስ ማለቴ ነው። ምን ዓይነት ልጅ ብሆን ነው እያልኩ ስንት ዓመት አፍሬበታለሁ። አሁን የራሴ ሴት ልጅ አሥራ አንድ ዓመት ሞላት። ሳያት ያቺ አጥሩ ሥር የቆመችው ልጅ ትዝ ትለኛለች፤ ደክሟት ነበር እኮ።